ጉንጬና የዓሦቹ ወረቀት

ሸክላ መድረቅ አለመድረቁን ዓይን አያውቅም፤ ዓይን የሚያየው ላዩን ነው። ጣትም ይሳሳታል፤ ሲሠራ የኖረ ጣት ደንድኗልና። ጉንጭ ግን አይዋሽም። እርጥበት በሆዱ የያዘ ሸክላ ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ይቀዘቅዛል፤ የደረቀው እንደ ሰው እጅ ለብ ይላል። ይህን ያስተማሯት የጣሪያ ሸክላ ሠሪው አባቷ ናቸው። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችውን ሁሉ ወደ ቀኝ ጉንጯ እያስጠጋች፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ምስጢር እንደሚነገራት ሰው ታደምጥ ነበር። የሰፈሩ ሰው "ጉንጬ" አላት፤ ስሙም ጸናባት።

ጉንጬ የአንገት ጌጥ ሠሪ ናት። ባሏ መጽሐፍ ጠራዥ ነበር፤ ከሽፋን ውስጠኛው ገጽ የሚተርፈውን ባለ ጌጥ ወረቀት መጣል ስለማይሆንለት በኪሱ እየያዘ ይገባል። አንድ ቀን እሷ ከተረፈ ጭቃ ያበጀችውን ክብ ሸክላ አነሣና ሰማያዊ ቁራጭ ለጠፈበት። "ይኸው፣ ያንቺና የኔ ሥራ ተጋባ" አላት። ከዚያ ወዲህ እንጀራቸው ይኸው ሆነ። ጭቃውን በጠርሙስ ትዳምጣለች፤ በመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ክብ ክብ አድርጋ ትቆርጣለች፤ ገና ለስላሳ ሳለ የገመዱን ቀዳዳ በሚስማር ትበሳለች። ጥላ ውስጥ አድርቃ በትንሿ ምድጃ ትተኩሰዋለች። ከምድጃ ሲወጣ አቧራው ይታጠባል፤ እንደገና ይደርቃል። ከዚያ ወረቀቱ በስስ ሙጫ ይለጠፍና በማንኪያ ጀርባ ከመሃል ወደ ዳር ይታሻል፤ በመጨረሻም ቫርኒሽ ይቀባል። ያን ጊዜ ወረቀቱ ጥርት ያለ ውኃ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ያበራል። ቁራጭ አፈርና ቁራጭ ወረቀት እንዲህ መሆን መቻላቸው፣ ስንቴ ቢያዩት አይለመድም።

ባሏ ሲሞት ወረቀት መቁረጡን እህቱ ያዘችው። ሁለቱ ሴቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ሲነታረኩ ሥራቸው እየተሳካ፣ ዝም ሲሉ እየተበላሸ ይውሉ ነበር።

አንድ ጠዋት የጉንጬ አፍ ወደ ጎን ተጣመመ። ሐኪም ቤት ተኝታ ስትወጣ አፏ ተመለሰ፤ ንግግሯም ተመለሰ። ቀኝ ጉንጯ ግን አልተመለሰም። ቢቆነጥጡት አይሰማ፣ ቢስሙት አይሰማ። ለማንም አልተናገረችም። ጉንጭ የሌላት ጉንጬ ምን ተብላ ትጠራለች? መደርደሪያዋ ላይ የከረመ፣ መድረቁ የማያጠራጥር ሸክላ ስለነበራት ለጊዜው የነቃባት አልነበረም።

የአውቶቡስ ሾፌሩ የመጣው ዝናቡ አላባራ ባለበት ሰሞን ነው። ከደረት ኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። ቢጫ ነው፤ ትንንሽ ቀይ ዓሦች አሉበት።

"ልጄ ናት የገዛችው" አለ። "የልብሷን መሳቢያ ውስጡን ልታለብስበት። እሷ ካረፈች በኋላ ልብሷን ስናነሣ ተቀዳደደ፤ የቀረው ይኼ ነው። ለእናቷ አንድ፣ ለእኔ አንድ ይሥሩልኝ። ሱቅ ሁሉ ዞሬያለሁ፣ ሌላ የለም። አደራዎትን።"

"አደራህን ተቀብያለሁ፣ ልጄ" አለችው።

ዓሣው ሙሉውን እንዲገባ ሸክላው ሞላላ መሆን ነበረበት፤ ከመደርደሪያው አንዱም አልሆነም። አዲስ ሠራች፣ ተኮሰች፣ አጠበች። ቤቱ በዝናቡ ርሷል፤ ግድግዳው ሳይቀር ያልበዋል። እጇ እንደ ልማዱ፣ እሷን ሳይጠይቅ፣ ሸክላውን ወደ ቀኝ ጉንጯ ወሰደው። አልቀዘቀዘም። አለመቀዝቀዝ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። ሙጫውን ቀባች።

ቫርኒሹ በተቀባ ማግስት ጌጡ ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ወረቀቱ አብጧል፤ የዓሣው ቀይ ወደ ቢጫው ተሰራጭቶ ጭራው ከጭንቅላቱ አይለይም።

"እትዬ፣ ይህን ምን በላው?" አለች የባሏ እህት።

"ቫርኒሹ አሮጌ ነው።"

"ትናንት የከፈትነው ቫርኒሽ ባንዴ አረጀ?"

"በጉንጬ አይቼዋለሁ አልኩሽ እኮ!"

የባሏ እህት ተነሣች። ከመታጠቢያው ሳህን ውኃ የጠጣ ሸክላ አንሥታ ከበስተኋላዋ መጣችና ቀኝ ጉንጯ ላይ አሳረፈችው። ጉንጬ ብሩሽ መጥረጓን ቀጠለች። የደነገጠችው ውኃው ወርዶ አንገቷ ጋ ሲደርስ ነው።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሐኪም ቤት ጀምሮ።"

"እና ዝም?"

"ዝም አይነቅዝም።"

"ዝም ባይነቅዝም ሰው ያነቅዛል! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም? ደግሞስ ሌላ ጉንጭ አልፈጠረልሽም?"

"የግራው አልተማረም" አለች ጉንጬ። "እሱ ሁሉንም ቀዝቃዛ ነው ይለኛል።"

የባሏ እህት ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ተሰበረና ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። በለሆሳስም "ወረቀቱ ለአንድ ብቻ በቃ እንበለው። በምን ያውቃል?" አለች።

"እኔ አውቃለሁ" አለች ጉንጬ።

ሾፌሩ ሲመጣ፣ ገና ሳይቀመጥ፣ የተበላሸውን ጌጥ ፊቱ አኖረችለት። ሁሉንም ነገረችው፤ የጉንጯንም።

"እንደማይሰማዎት እያወቁ?" አለ።

የተረፈውን ወረቀትና የተበላሸውን ጌጥ ይዞ፣ በሩን ሳይዘጋ ወጣ። ዝናቡ እስከ ጠረጴዛው እግር ድረስ ገባ፤ ከሁለቱ ሴቶች ማንም ተነሥቶ አልዘጋውም።

ጉንጬ ጭቃውን በጨርቅ ሸፈነችው። የባሏ እህት ብትለምናት፣ ብትሰድባት፣ ብታኮርፋት፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ መስኮት መስኮቱን ከማየት በቀር የምትሠራው አልነበረም።

ከዚያ አንዲት ሴት መጣች። ሾፌሩ ከኋላዋ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

"ዓሣዋን ያጠፉባት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ፣ ልጄ።"

ሴትየዋ መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። "የቀረውን ይሥሩልኝ።"

"አልችልም። መድረቁን የሚነግረኝ አጥቻለሁ።"

"እንዴት ነው የሚነግርዎት?"

ጉንጬ ከመደርደሪያው የደረቀውን፣ ከሳህኑ እርጥቡን አወጣች። የእርጥቡን ላይ በጨርቅ ጠራርጋ አደረቀችው፤ ለዓይን ሁለቱ አንድ ሆኑ። ተራ በተራ ሴትየዋ ጉንጭ ላይ አሳረፈቻቸው። ሴትየዋ ዓይኗን ጨፈነች።

"ይኼኛው ገና ነው" አለች። ከዚያም፣ ለማንም ሳይሆን፣ "ትኩሳቷን የማውቀው እንዲህ ነበር። ጉንጬን ግንባሯ ላይ አድርጌ። ቴርሞሜትር ሳይነግረኝ አውቅ ነበር" አለች።

ሾፌሩ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ጉንጬ ጭቃውን ገለጠች። አዲሱ ሞላላ ተሠርቶ፣ ተተኩሶ፣ ታጥቦ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ሴትየዋ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ታነሣዋለች፣ ጉንጯ ላይ ታሳርፈዋለች፣ "ገና ነው" ብላ ትመልሰዋለች። የሚያስቸኩላት አልነበረም። አንዳንዴ ቁጭ ብላ ስለ ልጅቷ ታወራ ጀመር፤ መሳቢያውን ስታለብስ ወረቀቱን ገልብጣ ለጥፋው እንደነበር፣ ዓሦቹ ተደብቀው ስታይ እንዳለቀሰች። የባሏ እህት "ታዲያ ማን አቃናላት?" አለቻት። "አባቷ፤ እስኪመሽ ሲልጥ ዋለ" አለችና፣ እዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ፀሐይ በወጣበት አንድ ከሰዓት በኋላ ሴትየዋ ሸክላውን ከጉንጯ ሳታነሣ ብዙ ቆየች።

"ደርቋል" አለች።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለች የባሏ እህት፤ መቀሱን ይዛለች፤ ወረቀቱ አንድ ብቻ ነው።

ሴትየዋ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ጉንጬ እጇን ዘርግታ ሸክላውን ተቀበለች። ወደ ፊቷ አላስጠጋችውም። ብሩሹን ሙጫው ውስጥ ነክራ መሃሉን ቀባች።