አልጋ ሥር የከተትኩት የስዕል ሰሌዳ

ጌታ ይመስገን ቅዱሳን! ያደረገልኝን ልናገር ብዬ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የልጄ ልጅ ናት የምትጽፍልኝ። ባለቤቴን ጥዬ መምጣት ስላልቻልኩ እሷው ታንብብላችሁ። ደክሞኛል፣ አሳጥራለሁ።

ባለቤቴን ታውቁታላችሁ፤ እዚሁ ሰሚት ኮንዶሚኒየም የቤት ለቤቱን ጸሎት ይመራ የነበረው ነው። ስትሮክ መቶት ቀኝ እጁም አንደበቱም ተያዘ። ሐኪም ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ ስዕል የተለጠፈበት ሰሌዳ ሰጠችን። ውሃ አለው፣ ምግብ አለው፣ ሽንት ቤት አለው፣ የሚያለቅስ ሰው አለው፣ የሰው ገላ ከነፊቱ አለው። «ማዘር፣ በግራ እጃቸው እየጠቆሙ ይንገሩዎት» አለችኝ።

እኔ ግን ምን አደረግሁ? ቀደም ብዬ እናንተ ፊት ቆሜ «ተፈውሷል፣ በእምነት ተቀብያለሁ!» ብያለሁ። እልል ብላችሁልኛል። ታዲያ የተፈወሰ ሰው ሰሌዳ ምን ሊያደርግለት? ጠያቂ ቢያየው ምን ይለኛል? አልጋ ሥር ከተትኩት። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ቆይቶ ምግብ እምቢ አለ። አጥሚት ሠራሁ፣ ሾርባ ሠራሁ፣ ማንኪያውን በግራው ይመታዋል። ያለቅሳል። ሞት አማረው ብዬ እኔም አለቅሳለሁ። አንድ ቀንማ «ብላ እንጂ አንተ ሰውዬ! እኔስ ሰው አይደለሁም?» ብዬ ጮህኩበት።

ልጄ ማርታ ከሲኤምሲ መጥታ ቤት ስታጸዳ ሰሌዳውን አገኘችው።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ተይው፣ እምነቴን አታፍርሺብኝ።»

«ጌታን ነው ሰውን የምትፈሪው?»

ወገኖቼ፣ ሰውን ነበር።

ሰሌዳውን የአባቷ ደረት ላይ አስቀመጠችለት። የሚያለቅሰውን ሰው ጠቆመ፤ ከዛ የፊቱን ስዕል አፉ ላይ። ደጋገመው። አፉን ከፍተን ብናይ ጥርሱ መግሏል! ሐኪሙም «እስካሁን እንዴት ቻሉት?» አለ።

ጥርሱ ተነቀለ፣ በላ! ክብር ለስሙ ይሁን! አጠገቡ ተቀምጬ «ይቅር በለኝ» አልኩት። ሰሌዳው ይቅርታ የሚል ስዕል የለውም። ጣቱ ሰሌዳው ላይ ሲዞር ቆየና ምግቡን ጠቆመ፤ ከዛ እኔን ጠቆመኝ። ለካ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ እሱ አይቶኛል። ሃሌሉያ!

ቅዱሳን፣ አንደበቱ ገና አልተፈታም። ያኔ ያልኳችሁን ዛሬ አስተካክሉልኝ። መጸለዩን አልተውኩም፤ ጌታ ታማኝ ነው፣ እመኑት። እሱን ለማመን እኮ መዋሸት አያስፈልግም። ኑና ጠይቁን። ስትመጡ ግን «እንዴት ነው?» ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ። እሱን ጠይቁት፤ እስኪጠቁም ታገሡት።