ባሌ የጠቀለለው ሞተር

በእኛ በኩል ባቡር የለም። ከሚዛን ተፈሪ ቴፒ፣ ከቴፒ ማሻ ብትሄዱ መንገድ ላይ የምታገኙት ቡና የጫነ መኪና ነው። ቴፒ ያለው የእኔ ቤት ግን ባቡር ነበረው።

ባሌ በወጣትነቱ ድሬዳዋ ባቡር ጥገና ላይ ሠርቷል። እዚህ መጥቶ የቡና መፈልፈያ ጠጋኝ ከሆነ በኋላም ባቡሩ ከልቡ አልወጣም። ከቆርቆሮ ቆርጦ የክንድ ርዝመት ያህል ባቡር ሠራ፤ ሐዲዱን ከወፍራም ሽቦ አበጀ። ሞተሩንም በገዛ እጁ ጠቀለለው። ሽቦው ከተቃጠለ መፈልፈያ የወጣ ቀጭን መዳብ ነበር። እሱ ሲጠቀልል እኔ ዙሩን እቆጥርለታለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ቁጥሩ እንዳያምታታኝ፣ መቶ በሞላ ቁጥር አንድ የቡና ፍሬ ሳህን ላይ አስቀምጣለሁ። አንዴ በስህተት ሁለት ፍሬ ስላስቀመጥኩ ሙሉውን ፈታው። ሁለት ቀን አኮረፍኩት። በሦስተኛው ቀን እንደገና ጀመርን።

ባቡሩ ስድስት ባትሪ ድንጋይ ይጎርስ ነበር። ግንባሩ ላይ ያለችው አምፖል ትግላለች፤ ሞተሩ ይጮኻል። ድንጋዩ ሲደክም ጣሪያ ላይ ፀሐይ እናሞቀውና ጥቂት ዙር ይጨምርልናል።

ባሌ ከሞተ በኋላ ባቡሩ ቆመ። መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ሞባይል ለሚጠግነው የጡት ልጃችን ወሰድኩለት። ልጅ ሆኖ ወደ ቤታችን ሲመጣ ባሌ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ አጥብቶት፣ በሰው ፊት ልጄ ነው ብሎ፣ እጁን ይዞ ሙያ ያስተማረው ሰው ነው።

"የተበጠሰውን ብቻ ቀጥል፤ ሌላውን እንዳትነካ" አልኩት።

"እሺ እማዬ።"

በሳምንቱ ይዞልኝ መጣ። ባቡሩ ሄደ፤ ድምፅ ግን የለውም። መብራቱም ነጭ ሆኗል። የድንጋዩን ማስገቢያ ስከፍተው አንዲት የሞባይል ባትሪ የምታህል ጠፍጣፋ ነገር ጥጉ ላይ ተጋድማለች።

"ስድስቱን ድንጋይ ምን በላቸው?"

"አያስፈልጉም እማዬ። ስድስቱ ሲደመሩ ዘጠኝ ቮልት ነበሩ። አብዛኛው ግን አምፖሏንና ሽቦውን በማሞቅ ነው የሚያልቀው። የዛሬዎቹ ትናንሽ ሰርኪቶች ሦስት ቮልት ይበቃቸዋል፤ ዘጠኝ ብትሰጫቸው ይቃጠላሉ። ይቺ ብቻዋን ሦስት ተኩል ከምናምን ትሰጣለች፣ በሞባይል ቻርጀር ትሞላለች። ድንጋዩማ ሆዱ እየፈሰሰ ሽቦውን በልቶታል። ያቆመውም እሱ ነው።"

ገባኝ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ ባሌም ቢሰማው ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

"ሞተሩስ?"

"የአባዬ ሞተር ለዘጠኝ ተብሎ የተጠቀለለ ነው። በዚህ አይነሳም። ቀየርኩት።"

"አምጣው።"

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። "ከሌላው ጥራጊ ጋር ለቁራሌው ሰጠሁት።"

ነጠላዬን አንስቼ አሮጌ ብረት ወደሚሰበስበው ሰውዬ ሄድኩ። ጓሮው ሙሉ ድስትና ላሜራ ነበር። "መዳብ እኔ ዘንድ አያድርም እማማ፤ በማግስቱ አዲስ አበባ ይጫናል" አለኝ።

ከዚያ በኋላ በሬን በልጄ ላይ ስዘጋ ሦስት ሽማግሌ ላከብኝ። አንደኛው ገና ሳይቀመጥ፣ "እትዬ፣ ለአሻንጉሊት ነው እንዴ ሽምግልና ያስቀመጡን?" ብሎ ሳቀ።

"እኔ አላስቀመጥኳችሁም፤ የላካችሁ እሱ ነው። አሻንጉሊቱ ይኸው በደህና ይሄዳል፤ ከፈለጉ ይጫወቱበት።"

ሳቁን ዋጠው። አብሯቸው ወደመጣው ልጄ ዞርኩ።

"ለምን አልጠየቅከኝም?"

"ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ ብዬ ነው።"

"እምቢ ማለቱ ታዲያ የማን ነበር?"

"ልጅ አይደለሁም እንዴ? ልጅ የአባቱን ዕቃ ለማንሳት ያስፈቅዳል?"

"ልጅ ስለሆንክ ነው ጥዬልህ የሄድኩት። ለባዳ ብሰጠው ኖሮ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እጁን አይ ነበር።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሌላ ሞተር ይጠቅልል ብለው ፈረዱ። እሱም ወዲያው፣ "እጠቀልላለሁ፤ ዙሩን አንቺ ትቆጥሪልኛለሽ" አለ። አልፈልግም አልኩ። አጠቀላለሉ ከባሌ ሳይሻል አይቀርም። እኔ ግን ሞተር አልጎደለኝም። የጎደለኝ ያን ሽቦ ፈትቶ እንደገና የጀመረው ሰው እጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ያለው በዚያ ሽቦ ላይ ብቻ ነበር።

ልጄ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ይቅር አልኩት፤ ሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር ነውና ከልቤ አልኩት። በልተው ጠጥተው ተነሡ። እሱ መጨረሻ ላይ ሲወጣ ጠራሁት። ባሌ ከሞተ ጀምሮ፣ ብታመም ከፍቶ እንዲገባ ብዬ የቤቴን አንድ ቁልፍ ሰጥቼው ነበር።

"ቁልፉን አስቀምጥ።"

"ታርቀን የለም እንዴ እማዬ?"

"ታርቀናል። አስቀምጠው።"

ቁልፉ ከቀለበቱ አልወጣ አለው። በጥፍሩ ደጋግሞ ሞከረ። እስኪያወጣው ድረስ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።