ሁለት ሰው የምትይዘው ጀልባ

ጎሚስታው ደንበኛ ቢንጫጫበት ጉዳዩም አይደል፤ አማቱ በደጁ ካለፉ ግን የያዘውን ጎማ ጥሎ ብድግ ይላል። አማቱ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። በየዓመቱ ቤተሰቡን ሰብስበው፣ መንገድ ከሚያልቅበት አልፎ ጫካ ውስጥ ወዳለ ሐይቅ ዓሣ ለማጥመድ ይወርዳሉ። ጀልባቸው ከሁለት ሰው በላይ አትይዝም። አንደኛው ቦታ የእሳቸው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ጎሚስታው ልጃቸውን ካገባ ጀምሮ የእሱ ነበር። ሽማግሌው ድንጋይ በገመድ አስረው ውሃው ውስጥ እየለቀቁ፣ ገመዱ አልቆ መሬት የማይነካበትን አንድ ሥፍራ ፈልገው ያገኙና «ይቺን ቦታ ለማንም እንዳትናገር» ይሉታል። አይናገርም። ለነገሩ ብቻውን ቢላክ አያገኛትም።

ዘንድሮ ግን ጉድ ፈላ። የሚስቱ ታናሽ እህት ባንክ የሚሠራ ሰው አገባች፤ ጎሚስታውም ገና ባየው ዕለት «ባለ ከረባቱ» ብሎ ስም አወጣለት። ባለ ከረባቱ ዓሣን የሚያውቀው ሳህን ላይ ሲቀርብ ብቻ ነው። ይጠይቃል ግን። አማቶቹ ቤት ምሳ ላይ ስለ መንጠቆው፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ድንጋዩ ሲጠይቅ ሽማግሌው ምግባቸውን ትተው ሲያስረዱ ዋሉ። በመጨረሻም «እንግዲህ ዘንድሮ አንተም ጀልባዋን ትሞክራታለህ» አሉት። ጎሚስታው የጠቀለለውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰው።

«ቀናህ እንዴ?» አለችው ሚስቱ፣ ቤት ሲገቡ።

«በማን? በዚያ ከረባት?»

«ታዲያ ፊትህን ምን አጠቆረው?»

«ዝም በይ እስቲ!»

ቀንቶ ነበር፤ ያውም ክፉኛ። ያቺን ቦታ ራሱ ማግኘት ቢችል ማን እንደሚበልጥ ያን ጊዜ ይታያል! የሐይቁን ጥልቀት የሚያሳይ ካርታ ፍለጋ ተነሣ። ካርታ የሚሸጡ ሱቆች መንገድና ተራራ እንጂ ከውሃ በታች ያለውን አያውቁም። ኢንተርኔት ላይ ያገኘው ደግሞ ሐይቁን ሰማያዊ ቀብቶ ያለፈ ነው። እግሩ እስኪቀጥን ከዞረ በኋላ፣ የውሃ ጥናት መሥሪያ ቤት ሹፌር የሆነ ደንበኛውን ለምኖ የአንድ አሮጌ ካርታ ኮፒ አስወጣ። ጥልቀቱ በመስመርና በቁጥር ተጽፎበታል፤ ምሥራቁ ዳር አጠገብ አንድ ጉድጓድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ውሃ እንዳይነካው ከጎማ ውስጥ በወጣ ከመነዳሪ ቁራጭ ጠቅልሎ ጫፍና ጫፉን ልክ እንደተነፈሰ ጎማ ለጠፈው።

ሐይቁ ዳር ደርሰው ድንኳኑ እንደተተከለ ከመነዳሪውን በቢላ ቀዶ ካርታውን ሽማግሌው ፊት ዘረጋው።

«አባባ፣ ቦታዎ ይቺ አይደለችም?» አለ፣ ጣቱን ጉድጓዱ ላይ አድርጎ። «ከእንግዲህ ድንጋይ መጣል ቀረ። ዓይኔን ጨፍኜ እሄድበታለሁ!»

ይህን ሲል የሚያየው እሳቸውን ሳይሆን ባለ ከረባቱን ነበር። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውጥተው ካርታውን ትኩር ብለው አዩት።

«እሷው ናት» አሉ። ድምፃቸው ቀዝቅዟል። «ጎበዝ። እንግዲያው እኔን ምን ታደርገኛለህ?»

«ኧረ አባባ፣ እንደሱ ማለቴ እኮ…»

«ከጫካው ጠባቂ ጀልባ ተዋስና ሂድ። እኔ ይሄን ምንም የማያውቀውን ይዤ እወጣለሁ» ብለው ባለ ከረባቱን በእጃቸው ጠሩት።

ጎሚስታው ካርታውን አጣጥፎ ተነሣ። በተዋሳት ጀልባ ብቻውን እየቀዘፈ ሄደ። ካርታው አልዋሸም፤ መንጠቆውን ገና ከመጣሉ ክሩ ይወጠራል፣ እሱም እያወጣ ጀልባው ወለል ላይ ይጥላል። ሽማግሌው ባለ ከረባቱን ይዘው እዚያው ድንኳኑ አጠገብ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ቀርተዋል። «አይ፣ እንደሱ አይደለም! ክሩን በጣትህ ያዘው፤ ዓሣው ሲነካው ይሰማሃል» ሲሉት ድምፃቸው ውሃውን አቋርጦ ጎሚስታው ጋ ይደርሳል። እሱንም ያስተማሩት በዚሁ ቃል ነበር። አንዲት ዓሣ እንኳ ሳይዙ ሁለቱም ይስቃሉ። ጎሚስታው ዓይኑን ከእነሱ ሳይነቅል መንጠቆውን ሳበ። እስከዛሬ ከያዛቸው ሁሉ የሚበልጥ ዓሣ ወጣ፤ የሚያሳየው ሰው ግን አጠገቡ አልነበረም።