የባሬላው የኋላ እጀታ

ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ ከፊርማ በቀር የጻፍኩት ነገር የለም። ከየት እንደሚጀመርም አላውቅም። ከእህቴ ልጀምር።

እናታችን ስትሞት እኔ ትምህርቴን ትቼ ታናሽ እህቴን አሳደግሁ። አድጋ ኢንጂነሪንግ ገባች። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እኛ ሰፈር፣ ይህን ያልሰማ ጎረቤት የለም። ዘንድሮ ግን ስለ ክብደትና ሚዛን የሚያስተምር፣ ሒሳብ የበዛበት ስታቲክስ የሚሉት ትምህርት ጣላት። ድጋሚ ፈተናውን ካላለፈች ትባረራለች። ስድስት ቀን ሲቀራት ደብተሯን ፊቴ ዘረጋች።

«የሚያስረዳኝ ሰው ፈልጊልኝ። መሥሪያ ቤትሽ ኢንጂነር አለ አላልሽም?»

ብዬ ነበር። ቢሮ እንደማጸዳም ነግሬያት ነበር። እውነቱ ግን ቀበና በሚሠራ ፎቅ ላይ ባሬላ እሸከማለሁ። አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ ይዘን ሞርታር ወደ ላይ እናወጣለን።

የጥያቄ ወረቀቷን ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ ሦስት ቀን ሙሉ የፎቁን ሥራ በሚመራው ኢንጂነር ፊት ተመላለስኩ። አፌ አልከፈት አለኝ። ቤት ስገባ «ምን አለሽ?» ትላለች። «ሥራ በዝቶበት ነው» እላለሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጭንቀቴን ከፊት ለምትይዘው ሴት ነገርኳት። በዕድሜ እናቴ ትሆናለች። ኢንጂነሩ ፊት ስንደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ባሬላ ላይ አንዷ ከቆመች ሌላዋ የትም አትሄድም።

«ኢንጂነር፣ ይቺ ልጅ አንተን ስታይ የሞርታሩን ግማሽ መንገድ ላይ ደፍታ ጨረሰችው። እኔ ፍቅር መስሎኝ! ለካ ሒሳብ ኖሯል።»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እጄ ስለተያዘ ፊቴን እንኳ መሸፈን አልቻልኩም። ባሬላውን ስናስቀምጥ በላብ የራሰውን ወረቀት አወጣሁ።

«የእህቴ ነው። ይሥሩልኝ።»

«እኔ ብሠራው ፈተናው ላይ ማን ይሠራላታል? ነገ በምሳ ሰዓት ራሷ ትምጣ።»

ለእህቴ ቦታውን ብቻ ነገርኳት። አንዴ እንዳትመጣ፣ አንዴ እንዳትቀር እየፈራሁ ቆየሁ።

መጣች። ሲሚንቶ ለብሼ፣ እጀታውን እንደያዝኩ አየችኝ። ሄዳ ብሎኬት ላይ ተቀመጠች። ኢንጂነሩ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ እየጻፈ አስረዳት። አልገባትም። ደገመላት፤ አሁንም አልገባትም። የምሳ ሰዓቱ እያለቀ ነበር፤ ፈተናው ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ነው።

«ይቅርብኝ፣ አልችልም» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

እሱ ወደ ባሬላችን ጠቆመ። «ዳገት ሲወጣ ጭነቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ለማን ይከብዳል?»

እህቴ መልሱን ወረቀቱ ላይ ፈለገች።

«ከኋላ ላለችው» አልኩ። ሳልጠየቅ ሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ የትኛውን ነው የምትይዢው?»

«የኋላውን።»

ሲሚንቶ የደረቀበትን እጄን አየች። ከዚያ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ እስክሪብቶውን ከእጁ ተቀበለችው። አንዱን ጥያቄ ጨረሰች፣ ሁለተኛውን አጋመሰች። ሌሎቹን ሳትነካቸው ወደ ሥራ ተጠራን።

ውጤቱ እስካሁን አልወጣም። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ውጤቱ መስሎኝ ብድግ እላለሁ። የፈተናው ዕለት ጠዋት ታክሲ ተራ ድረስ ሸኘኋት። ገብታ ከተቀመጠች በኋላ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ እንዲህ አለችኝ፦

«ዛሬ አንቺ ከፊት ያዢ፤ የኋላውን ለእኔ ተዪው።»