ደቻቱ አሸዋ ላይ ስኪ

ዛሬ ጠዋት የደቻቱ ድልድይ ላይ ስደርስ ዝናብ የነካው አሸዋ ሸተተኝ። ከታች፣ ውኃ በሌለው ወንዝ ውስጥ፣ አንድ ባጃጅ አሸዋውን እየሰነጠቀ ሲያልፍ ጉልበቴ ሳላዘው እጥፍ አለ።

አጎቴ ጀማል ጅቡቲ ውስጥ ስኪ የሚሉትን ሳንቃ እግራቸው ላይ ያሰሩ ፈረንጆችን ባሕር ላይ የሚጎትት ጀልባ ይነዳ ነበር። ልጅ ሳለሁ ድሬ ሲመለስ፣ ባሕር የለንምና ጀልባችን ባጃጅ ሆነ። ለእኔም ሳንቃ ላይ የጎማ የእግር ማሰሪያ በሚስማር መታልኝ። ባጃጅ ሲመርጥ ሞተሩን አላዳመጠም፤ ሹፌሮቹን አሸዋው ላይ እያስነዳ ከኋላ የተዉትን ቦይ ጎንበስ ብሎ አየ።

"አቦ፣ ጀልባ የሚመረጠው ከኋላው ነው። ማዕበሉ ዝቅ ያለው ይሻላል።"

የተመረጠውን ባጃጅ ጎረቤታችን ይነዳል፤ እኔ ከባጃጁ የታሰረውን ገመድ ይዤ ሳንቃዬ ላይ እንሸራተታለሁ፤ አጎቴ ከኋላ ወንበር ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ይጮኻል። "ጉልበትሽን እጠፊ! በክንድሽ አትጎትቺ፣ ወደ ኋላ ዘንበል በይ!" የተደረደሩትን አሮጌ ጎማዎች ግራና ቀኝ እየዞርኩ ሁሉንም ካለፍኩ ጅቡቲ ሊወስደኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። አፌ አሸዋ እስኪሞላ ስንቴ ወደቅኩ! አንድ ቀን ግን አለፍኳቸው።

"ጅቡቲ መቼ ነው?" አልኩት እያለከለኩ።

"ዋላሂ ጎበዝ ነሽ! ግን የስኪ ጉብዝና የሚለካው በገመዱ ነው። አሁን እናሳጥረዋለን።"

ባለፍኩ ቁጥር አሳጠረው። በመጨረሻ ገመዱ ከማጠሩ የተነሳ ሲስቅ የወርቅ ጥርሱ ይታየኝ ጀመር። ስለ ጅቡቲ መጠየቅ የተውኩት ያኔ ነው።

ባሕሩን እስካሁን አላየሁትም። ባጃጁ ርቆ ሲሄድ ግን የድልድዩን ብረት በሁለት እጄ ጨብጬ ወደ ኋላ ዘንበል ብዬ ነበር።