በወለተ ሐዋርያት ስም የወጣ ሐዋላ

ስሜነሽ የመስኮቱን ፍርግርግ በመዳፏ መታችው።

«ድገመው» አለች።

«ተከፍሏል፣ እትዬ» አለ ጸሐፊው። «ቅዳሜ ጠዋት።»

«ለማን?»

«ለእርስዎ ነዋ። ተቀባይ ወይዘሮ ስሜነሽ፣ ላኪ አቶ አበረ፣ ከአዲስ አበባ። ምሥጢር ቃሉንም በትክክል ተናግረው ወስደዋል።»

«ቅዳሜ እኔ ገበያ ነበርሁ። ጌሾ ስሸጥ ዋልሁ። ምን ብላ ነው የወሰደችው?»

ጸሐፊው ቢያዝን ይባላል። ከቢቸና መጥቶ ሥራውን ከያዘ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፤ የደብረ ማርቆስን ሰው በፊት አያውቅም። የሚነገረውን ቃል በስልክ ከተላከለት ቃል ጋር ያስተያያል፤ ከገጠመ ይከፍላል። አሁንም የተጠየቀውን መለሰ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ወለተ ሐዋርያት።»

ከኋላዋ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች አንገታቸውን አሰገጉ። ስሜነሽ ልብሷን የገፈፏት ያህል ነጠላዋን ወደ አንገቷ ሳበች።

«አፍህን ዝጋ! በአደባባይ ትጠራዋለህ?»

«ምን ላድርግ? እርስዎ ጠየቁኝ።»

ዘመኑ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሁለት ነው። ሐዋላ ቤቱ ከአውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ፣ በአንድ ነጋዴ መጋዘን ጎን የተከፈተች ጠባብ ክፍል ነበረች። ነጋዴው አዲስ አበባም ሱቅ ነበረው። ላኪው እዚያ ይከፍላል፤ ተቀባዩ እዚህ ይወስዳል። መታወቂያ ወረቀት ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ ላኪው አንድ ቃል ይመርጣል። ቃሉን የተናገረ ገንዘቡን ይወስዳል።

የስሜነሽ ባል አበረ በአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አገሩ የሚገባው በዓመት ሁለት ጊዜ ነበር። ቃል ምረጥ ሲሉት የሚስቱን የክርስትና ስም መረጠ። የክርስትና ስም አይወራም። ጠላት እጅ ከገባ ያሳምማል፣ ያስራል፣ እህል ውሃ ያስጠላል ይባላል። ሌባ ከየት ያገኘዋል?

ስሜነሽ ከመስኮቱ ዘወር ብላ ግድግዳ ተደገፈችና በልቧ ሰው መቁጠር ጀመረች። የክርስትና እናቷ ሞታለች። የነፍስ አባቷ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር አይወጡም። የቀረው አበረ ነው። እንግዲህ አበረ ለሌላ ነግሯል። ሌባ የሚለው ቃል በሐሳቧ አልመጣም። የመጣው ሴት የሚለው ነው።

ሴትየዋም ስም ነበራት። አበረ ባለፈው መስቀል ሲመጣ የካፖርቱ ቁልፍ በሰማያዊ ክር ተተክሎ አየች። ስሜነሽ ሰማያዊ ክር የላትም። ማን ተከለልህ ብትለው፣ «አውቶቡሱ ሉማሜ ላይ ተበላሽቶ አድረን፣ አገሬ የምትባል ባለ ሻይ ቤት» አለ። ይህን ያለው እየበላ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም። ስሜነሽ በማግሥቱ ቁልፉን በጥርሷ በጥሳ በጥቁር ክር መልሳ ተከለችው። ሰማያዊውን ክር ግን አልጣለችውም። በመሐረቧ ጫፍ ቋጠረችው። ያን ዓመት ጌሾ ስትመዝን፣ ብቅል ስታሰጣ፣ ቅዳሴ ስታስቀድስ ክሩ አብሯት ነበር።

ከሐዋላ ቤቱ በቀጥታ የሄደችው ወደ ጎረቤቷ ወደ ጤናዬ ነው። ጤናዬ ባሏን የፈታች፣ ጠላ ሸጣ የምትኖር፣ የሰው ምሥጢር ሲነገራት ዓይኗን ጨፍና የምትሰማ ሴት ነበረች።

«ነግሯታል» አለች ስሜነሽ ገና ከደጃፉ። «ስሜን ነግሯታል። መጥታ ወሰደችው።»

«ማን? ያቺ የሉማሜዋ?»

«ማን አለች ሌላ?»

ጤናዬ ዓይኗን ጨፈነች። «በስምሽ! ኧረ ወንድ! እንግዲያ ዲማ ድረስ የተንከራተትነው ሁሉ ከንቱ ሆነ በይኛ። ያ ነገር አልያዘውም።»

«አልያዘውም።»

«እኔ ብሆን ዛሬውኑ ወርጄ ፀጉሯን በእጄ ነጭቼ እመለስ ነበር። አንቺ ግን ጨዋ ነሽ፣ ትተያታለሽ።»

«አልተዋትም።»

«ለአውቶቡሱ አለሽ?»

አልነበራትም። ጤናዬ ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠቻት። «አድረሽ ነይ» አለቻት። «አትቸኩይ። ሰው ፊት አዋርጃት።»

ስሜነሽ ከመሳፈሯ በፊት አንድ ሥራ ሠራች። እንዳላማው የሚባል የአበረ ባልንጀራ መኪናውን ወደ አዲስ አበባ ሊያንቀሳቅስ ሞተር ሲያሞቅ አገኘችው።

«አበረን ታገኘዋለህ?»

«ረቡዕ ከአሰብ ይገባል።»

«ከእንግዲህ ደብረ ማርቆስ ላይ ሚስት የለህም ብላሃለች በለው።»

«እንዲህ ያለ ነገር በሰው አይላክም፣ እህቴ።»

«ስምም በሰው አይላክም። በለው።»

እስከ ሉማሜ ድረስ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው። እንዴት አድርጎ ነገራት? በሹክሹክታ? እየሳቀ? ለእሷ የራሱን የክርስትና ስም የነገራት በሠርጋቸው ሰሞን ነበር፤ አፉን ጆሮዋ ላይ አድርጎ። ያኔ ትንፋሹ ኮረኮራት። ሌላይቱም ጆሮ አላት። ስሜነሽ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጣ ሌላ ሴት ትንፋሹ ሲኮረኩራት አየች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ አመመሽ ወይ ብሎ ጠየቃት።

ሻይ ቤቱን ጠይቃ አገኘችው። የጠበቀችው ወጣት ነበር። ማንቆርቆሪያ ይዛ የቆመችው ሴት ግን በዕድሜ ትበልጣታለች፤ ፊቷን ፈንጣጣ ጠቃቅሶታል። ቆንጆ ብትሆን ይቀላት ነበር። አሁን በምን እንደወደዳት አታውቅም።

«ስሜነሽ ነኝ። የአበረ ሚስት።»

«የሾፌሩ? ግቢ እንጂ! ሻይ ልቅዳልሽ?»

«ሻይሽን ራስሽ ጠጪው። ስሜን ማን ሰጠሽ?»

«አንቺው ነሻ። አሁን ስሜነሽ አልሽኝ አይደለም?»

ጠጪዎቹ ሳቁ።

«የክርስትናዬን ነው የምልሽ!»

አገሬ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። «ኧረ እቴ! የእኔውን ለነፍስ አባቴ ስናገር እንኳ በጆሮው ነው። ያንቺ ምን ያደርግልኛል?»

«ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ሄደሽ ሐዋላዬን ወስደሽበታል።»

«ቅዳሜ እኔ ከዚህች በር አልወጣሁም። ይኸው አያ ዓባይ ይመስክሩ።»

በጥጉ የተቀመጡት ሽማግሌ ብርጭቋቸውን አነሡ። «እውነቷን ነው፣ ልጄ። ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ እኔን ስትሰድብ ነው የዋለች። ለመንገድ የሚሆን ጊዜ አልነበራትም።»

«ዱቤ በዝቶባቸው ነው» አለች አገሬ። ወደ ስሜነሽ ጠጋ አለች። «አትቆጪኝ፣ ሞኝ ነሽ። ማነው የክርስትና ስም ሰው አያውቀውም ያለሽ? ስትቆርቢ ትጠሪበታለሽ። ጠበል ስትገቢ ትጠሪበታለሽ። ክታብ የሚጽፍ ሰውዬ ከሁሉ በፊት የሚጠይቅሽ እሱን ነው። ወንድሜ ከሑመራ ሲልክልኝ ቃሌ የጊደሬ ስም ነው። ዳልቻ። ዳልቻን ማንም ላሳምማት አይል፣ ስሟን ማንም አይጠይቀኝ።»

«አሁን እኛ ሰማነ» አሉ ሽማግሌው።

«ሰምታችኋልና ነገ ወደ ጥጃዋ አዛውረዋለሁ! የጥጃዋን ስም ደግሞ አልነግራችሁም።» ሳቁ ጋብ ሲል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ክታብ አስጽፈሻል?»

ስሜነሽ መሐረቧን ጨበጠች።

አስጽፋለች። የሰማያዊው ክር ነገር እንቅልፍ ቢነሣት ከገና በፊት ከዲማ በታች ወዳለች መንደር፣ አካለ ወልድ ወደሚባል ደብተራ ሄዳ ነበር። አበረ ከእሷ ሌላ ሴት እንዳያይ መስተፋቅር ይጻፍልኝ አለችው። ደብተራው የሁለቱንም የክርስትና ስም ጠየቀ። ጆሮው ከበድ ይላል። ስሜነሽ «ወለተ ሐዋርያት» ብላ፣ «እ?» ቢላት ጮኻ ደገመችለት። «ወልደ ሰንበት» የሚለውንም፣ የባሏን ስም፣ እንዲሁ ጮኻ ነገረችው። ደብተራውን ያሳየቻት፣ መንገዱን አብራት የሄደች፣ በሩ ላይ ቆማ የጠበቀቻት ጤናዬ ነበረች። የሐዋላው ቃል የክርስትና ስሟ መሆኑንም ለጤናዬ ነግራታለች።

ስሜነሽ የአውቶቡሱ ሒሳብ ከየት እንደመጣ አሁን ገባት።

«ሌባዬን አወቅኋት። ሻዩን ቅጂልኝ» አለችና ተቀመጠች።

ወዲያው ግን ከብርጭቆው ላይ ቀና ብላ፣ «ያ ቁልፍ» አለች። «ለምን አንቺ ተከልሽው?»

«ወድቆ ነዋ። ብርድ ነበር።»

«ራሱ መትከል አያውቅም?»

አገሬ አየቻት። «አንቺ ሴት፣ ሌባሽን አግኝተሽ እንኳ አላረፍሽም?»

ስሜነሽ በማግሥቱ ስትመለስ የጤናዬ በር ተቆልፏል። ጋኖቹ የሉም። ጎረቤት ወደ ሞጣ ወጣች አለ። ስሜነሽ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። አሥር አለቃው የመጀመሪያ ጥያቄው፣ «የተከሰሰችው የክርስትና ስምሽን እንዴት አወቀች?» የሚል ሆነ። ስሜነሽ ልትወጣ ወደ በሩ ዞረች። ቃልሽን ካልሰጠሽ ነገሩ አይመረመርም አላት። ዲማን፣ ደብተራውን፣ ሁለቱን ስሞች ነገረችው። እሱም ጻፈው።

መልእክተኛው እንዳላማው የተላከውን ቃል አድርሶ ኖሮ አበረ ዓርብ ዕለት ደረሰ። ቤቱ ሳይገባ ሐዋላ ቤቱን ጠየቀ፣ ከዚያም ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ስሜነሽ የሰጠችውን ቃል ሰማ። ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎች ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ተሰበሰቡ። ነገሩን የያዙት አቶ በላቸው የሚባሉ የቀድሞ አጥቢያ ዳኛ ናቸው።

«አበረ፣ ልጄ» አሉ። «ገንዘቡን የወሰደች ጤናዬ ናት። የላከችብህን ክፉ ቃልም ሚስትህ አንሥታዋለች። ቅናት ነው፤ ቅናት ደግሞ የፍቅር ነው።»

«ገንዘቡን ተዉት፣ አያ በላቸው። ገንዘብ በሌላ ጉዞ ይመጣል። የእኔን ስም ለማን ነው የሰጠችው?»

«ላንተው ብላ ነው። እንዳትሄድባት።»

«ሄጄ ነበር?»

አበረ ወደ ስሜነሽ ዞረ።

«ሄጄብሽ ነበር?»

«ሰማያዊው ክርስ?» አለች። መሐረቧን ፈትታ አሳየችው። ክሩ ቆሽሾ ነበር።

አበረ ክሩን አየው፤ ወዲያው ያወቀው አልመሰለም። ሲያውቀው ፊቱ ተለወጠ።

«ይህን ይዘሽ ነው ከመስቀል ጀምሮ የኖርሽ?»

«ይህን ይዤ ነው።»

«እኔ ዳናክል በረሃ ላይ መሪ ይዤ ዓይኔ ሲከደን ድካም ነው እል ነበር። ከእንግዲህ ምን ልበል? ማን አሰረኝ ልበል? ደብተራው ያውቀኛል። ያቺ ሌባ ታውቀኛለች። ለማን እንደሸጠችው አላውቅም። የሐዋላ ቃል ቢሰረቅ ይለወጣል፣ አያ በላቸው። ክርስትና ሁለት ጊዜ አይነሡም። ሌላ ስም ከየት ላምጣ?»

«ንስሐ ትገባለች፣ ክታቡም ይቃጠላል።»

«ይቃጠል» አለ አበረ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ሳያይ ተናገረ። «ስሜ ነሽ ስል ኖርሁ። ለካ ስሜን ሻጭ ነሽ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በወጣትነታቸው ጎንጅ ቅኔ የተማሩ ነበሩ። ቅኔ ሲሰማ እንደሚባለው «ይበል!» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና የስሜነሽን ፊት አይተው ዘጉት።

ስሜነሽ ግን አላለቀሰችም። «አሁንም እሷ ጋ ልትሄድ ነው» አለች። «ምክንያት አገኘህ።»

አቶ በላቸው በእጃቸው ዝም እንድትል ምልክት ሰጧት። ዝም አላለችም። አገሬ ፈንጣጣ እንደነካት፣ በዕድሜ እንደምትበልጠው፣ ደንበኞቿን በአደባባይ እንደምትሰድብ ነገረችው። አበረ እስክትጨርስ ሰማት። ከዚያ በፊት ስለ አገሬ ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር።

በጋብቻው መፍረስ የተስማሙት ያን ዕለት ነው። ቤቱ ለእሷ ቀረ፤ ሐዋላው የተላከለት ቆርቆሮ ስላልተገዛ የጣሪያው ሣር እንዳለ ነው። ክታቡን ከትራሱ ውስጥ ተርትራ አውጥታ ለነፍስ አባቷ ሰጠች። ጤናዬ አልተያዘችም። ስሜነሽ ጌሾዋን መሸጥ ቀጠለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቦታዋ ከሐዋላ ቤቱ ትይዩ ነበር።

አበረ የአሰብን መስመር ትቶ የጅማን ያዘ። በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ ከጅማ ሲመለስ ከአዲስ አበባ ገንዘብ ላከ። ቢያዝን በዚያን ጊዜ ቃል ሲቀበል ድምፁን ዝቅ ማድረግ ለምዷል። ተቀባይዋ የሉማሜዋ አገሬ ነበረች። ምሥጢር ቃሉ የጥጃዋ ስም ነው።