አንደኛውን ተራ የለቀቅን ዕለት

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናግሬያለሁ። ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ ከእህቴ ጋር ተኳርፌ መክረሜን ሁሉ። ይህችን ግን ዓመት በመጣ ቁጥር እየዘለልኳት ነው። ለምን እንደምዘላት ራሴም አላውቅም። አንዳንድ ቀን ጭራሽ ኃጢአት አትመስለኝም፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከሌላው ሁሉ እሷ ትከብደኛለች። እስቲ እናንተ ስሙኝ፣ እኔ ግራ ገብቶኛል።

ነገሩ የቅርጫት ኳስ ነው። አትሳቁ። እዚህ ለንደን የእኛ ሰዎች በየሰፈራቸው አራት ቡድን አቋቁመው በየበጋው ይጋጠማሉ፤ እኔ የስቶክዌል ደጋፊ ነኝ። ደጋፊ ስል ቁጭ ብላ የምታይ እንዳይመስላችሁ። ጭብጨባ የማስጀምረው እኔ፣ ዳኛ የምሰድበው እኔ፣ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሺፍቴን ጨርሼ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር አዳራሽ የምገባው እኔ ነኝ። ስቶክዌል ደግሞ መሸነፍ ልማዱ ነው። ስንት ዓመት ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኼ፣ መጨረሻ ወጥተን፣ አንገቴን ደፍቼ ወደ ቤቴ ሄጃለሁ።

በየዓመቱ አዲስ የተመዘገቡትን ተጫዋቾች ቡድኖቹ ተራ በተራ ይመርጧቸዋል። ልጆቹ ከአሜሪካ አይተው ያመጡት ነው፣ ድራፍት ይሉታል። ማን ቀድሞ ይምረጥ የሚለው ግን እንደ ዕቁብ በዕጣ ይለያል፤ ያ የእኛው ነው። የተመረጠ ሰው ዓመቱን ሙሉ ለመረጠው ቡድን ይጫወታል። ነገሩ በሆነበት ዓመት አንደኛው ዕጣ ለስቶክዌል ወጣ። እልልታዬን አቀለጥኩት። ከተመዘገቡት መካከል ኢዮብ ነበረበታ! የቶተንሃም ልጅ ነው፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ኳስ እጁ ከገባ የማይቀማ። ቀድሞ የሚመርጥ እሱን ነው የሚወስደው፣ ይህን ሕፃንም ያውቃል።

ምርጫው እሑድ ሊሆን ቅዳሜ ጠዋት አሰልጣኛችን ጋሽ ወርቁ ደወሉልኝ። ጋሽ ወርቁ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቡድኑን ያቋቋሙት እሳቸው፣ ማሊያውን ቤታቸው ወስደው የሚያጥቡትም እሳቸው። አንደኛውን ተራ ለቶተንሃም ሊለቁላቸው እንደሆነ ነገሩኝ። እኛ በእነሱ ቦታ ሦስተኛ ወርደን እንመርጣለን፣ በምትኩ አንድ ተራ ይጨምሩልናል። ጆሮዬን አላመንኩም።

ከዚያ ምክንያቱን ነገሩኝ። የኢዮብ አባት በጠና ታመዋል፣ የሚያስታምማቸውም ኢዮብ ብቻ ነው። የቶተንሃም ቡድን የሚለማመደው አባትና ልጁ ከሚኖሩበት ፎቅ ሥር ነው፤ ለእነሱ ከተጫወተ በእረፍት ሰዓት እንኳ ሮጦ አባቱን አይቶ ይመለሳል። ለእኛ ከተመረጠ ኳሱን ሊተው ነው። ያቺ ኳስ ደግሞ የቀረችለት መተንፈሻ ናት። አባትየው ሕመማቸው እንዳይወራ ልጁን አስምለውታል፤ ቢጨንቀው ለጋሽ ወርቁ ብቻ ነው የነገራቸው። የእኛን ሰው ታውቁት የለ? በሽታን ደብቀን ደብቀን፣ ሰው የሚሰማው መርዶው ሲነገር ነው።

“ምክንያቱን ለማንም አትንገሪ” አሉኝ ጋሽ ወርቁ። “ሰዉ መናደዱ አይቀርም። አንቺን ስለሚሰማሽ አረጋጊልኝ።”

እሺ አልኩ። በእመቤቴ ብዬ ማልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ጋሽ ወርቁ ተነሥተው አንደኛውን ተራ ለቶተንሃም መልቀቃቸውን ሲናገሩ መጀመሪያ የገባው ሰው አልነበረም። ሲገባቸው ግን ቤቱ ተደበላለቀ። አንዱ ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። አንዷ፣ ዘንድሮም መጨረሻ ልንወጣ ነው ብላ እንባዋ መጣ። የቶተንሃም ሰዎች ኢዮብን መርጠው ሲያጨበጭቡ እሱ ጫማውን ያያል። የእኛ ተራ ሲደርስ ጋሽ ወርቁ ሐሚድ የሚባል፣ ሥጋ ቤት የሚሠራ፣ ማንም የማያውቀውን ልጅ መረጡ። አጭር ነው ደግሞ። ይሄኔ ደጋፊው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንቺ መቼም አታጪውም፣ ምንድን ነው ነገሩ አሉኝ።

እኔ እንጃ ማለት እችል ነበር። ሰውየውን እመኑ ማለት እችል ነበር። ዝም ማለትም ይቻል ነበር። እኔ ግን ትከሻዬን ነቅነቅ አድርጌ፣ “ተራቸውን ሸጠውት ይሆናላ” አልኩ።

በቃ፣ ያልኩት ይችን ነው። ሌላ አገር ሰው ቢሆን፣ የኳስ ተራ ምን ተብሎ ይሸጣል ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኛ ግን ዕቁብ ስንጥል የኖርን ሰዎች ነን። ቀድሞ የወጣለትን ዕጣ ለቸገረው የሚለቅ አለ፤ ለጽድቅ የሚለቅ አለ፣ ጉርሻ ተቀብሎ የሚለቅም አለ። ስለዚህ ማንም ማስረጃ አልጠየቀኝም፤ ወዲያው ገባቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ገና ከአዳራሹ ሳንወጣ “ይሆናላ” የሚለው ቀርቶ “ሸጠውታል” ሆነ። በሳምንቱ ደግሞ ጋሽ ወርቁ አዲስ ጃኬት ለብሰው ታዩ፣ ይኸው አሉ። ጃኬቱን ልጃቸው እንደገዛችላቸው አውቃለሁ። ስትመርጥ አብሬያት ነበርኩ። እሱንም አልተናገርኩም።

ስብሰባ ተጠራ። ምክንያትዎን ይንገሩን ተባሉ። “ምክንያቱ የኔ አይደለም፣ አልናገርም” ብለው ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አወለቁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የአዳራሹን ቁልፍም አስቀመጡ። ያ እሳቸው የሚያጥቡት ማሊያም ተጣጥፎ በፌስታል መጥቶ ነበር። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ጥፍሬን አያለሁ።

ለምን አልኩት? ይኸው ነው ግራ የሚያጋባኝ። ምስጢሩን ለመሸፈን ነው ብዬ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። ሌላ ወሬ ካገኙ የታመመ ሰው አይፈልጉም አልኩ። ውሸቴን ነው? እውነትም አለበት መሰለኝ። ግን ዝምታ ምን አነሰው? ተናድጄባቸው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ጮኼ ጮኼ፣ ሊያልፍልን ሲል እሳቸው ለሰው አዘኑ፤ ለእኛስ ማን ያዝናል? ብዬ ነበር በሆዴ። ወይስ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ አዋቂ መምሰል አማረኝ? ሦስቱንም ነው? እኔ አልኩት፣ እኔው ግን ለምን እንዳልኩት አላውቅም።

ይባስ ብሎ በዚያ ዓመት አሸነፍን። ያ አጭሩ ሐሚድ ጉድ አሳየ፣ በተጨመረልን ተራ የመጣውም ልጅ እንዲሁ። ሰዉ አዲሱን አሰልጣኝ ተሸከመው። እኔም እልል አልኩ።

ክረምቱ ሲገባ የኢዮብ አባት ሞቱ። ለቅሶ ቤት ሰዉ፣ ታመው ነበር እንዴ ይባባላል። ሕመማቸውንና የለቀቅነውን ተራ ያገናኘ የለም። ወሬው የስቶክዌል ወሬ ስለሆነ ኢዮብ ጆሮ አልደረሰም፤ ቢደርሰው ኖሮ ዝም አይልም ነበር። ጋሽ ወርቁ በር አጠገብ ቆመዋል፣ የእኛ ሰዎች ተነሥተው ቦታ አልለቀቁላቸውም። እኔም አልተነሣሁም። ልወጣ ስል ኮሪደሩ ላይ ያዙኝ።

“ሰናይት፣ ካንቺ በቀር የሚያውቅ አልነበረም” አሉኝ። “ያን ሁሉ ሲሉኝ አንቺ አፍሽን ጠበቅሽልኝ። ሰውየው ሳይወራባቸው ሄዱ። እግዚአብሔር ይባርክሽ።”

አሜን አልኩ።

የተናገርኩትን ቃል እንኳ፣ አፌ አመለጠኝ ብዬ ይቅርታ ልለምንበት እችል ይሆናል። ለዚያች አሜን ግን ምን ሰበብ አለኝ? ከስቶክዌል ሰው አሁንም ሰላምታ የሚሰጣቸው ጥቂቱ ነው። አንድ ቀን ተነሥቼ፣ ሸጠዋል ያልኩት እኔ ነኝ ብል ስማቸው ይመለሳል። ጉልበት አጥቼ አይደለም፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ላይ የምጮህ ሴት ነኝ። ይቅር በሉኝ እንዳልላችሁ እናንተን አልበደልኳችሁም።

ባለፈው እሑድም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አገኘኋቸው። ጎንበስ ብዬ ሳምኳቸው፣ እንደ ሁልጊዜው መረቁኝ። አሜን አልኩ።